ተጣሞ የገጠመ የመዳፍ አጥንት፦ በቀዶ ጥገና ይቃና ወይስ እንዳለ ይተው?

ጥያቄ
ልብስ ሰፊዋ፣ ከደሴ

ጤና ይስጥልኝ። የእጅ አጥንት ሕክምና የምታውቁ ባለሙያዎችም ሆናችሁ በራሳችሁ ላይ ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰባችሁ ሁሉ ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ባለፈው የካቲት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገልብጦ በቀኝ እጄ ላይ ወደቅሁ። ከቀለበት ጣትና ከትንሿ ጣት ሥር ያሉት ሁለቱ የመዳፍ አጥንቶች ተሰበሩ። ቤተሰቦቼ በዚያው ቀን ወደ አካባቢያችን ወጌሻ ወሰዱኝ፤ እሱም አሽቶ ካስተካከለ በኋላ ጣቶቼን ዘርግቶ በቀርከሃ ስንጥር አሰረልኝ። እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ፣ ሕመሙም ተወኝ። ነገር ግን እስሩ ተፈትቶ እጄን ለመጨበጥ ስሞክር የቀለበት ጣቴ ከመሃል ጣቴ ሥር እየገባ ይደረባል። የትንሿ ጣት አንጓ ደግሞ ወደ ውስጥ ሰርጎ በእጄ ጀርባ ላይ ጉብታ ቀርቷል።

አሁን ዘጠኝ ወር ሆኖኛል። ብርድ ሲሆን ከሚቆረጥመኝ በቀር ሕመም የለኝም፤ ችግሬ ሥራዬ ላይ ነው። የምተዳደረው የሐበሻ ቀሚስ በመስፋት ሲሆን፣ ረጅም ጨርቅ በምቆርጥበት ጊዜ በመቀሱ ቀለበት ውስጥ ሁለቱ ጣቶቼ እርስ በርሳቸው ስለሚጫጫኑ እጄ ቶሎ ይዝላል። ጥለቱን ከቀሚሱ ጋር በማያይዝበት ጊዜም ጨርቁን ወጥሬ መያዝ አቅቶኛል፤ በእጅ የሚዘመዘመውን ሥራ ሁሉ ለእህቴ እየሰጠሁ ነው።

ሁለት ሐኪሞች አይተውኛል። የመጀመሪያው ሁለቱም አጥንቶች እንደገና ተቆርጠውና ተቃንተው በብረትና በብሎን መታሰር አለባቸው አለኝ። ሁለተኛው ራጁን ተመልክቶ «አጥንቱ ገጥሟል፣ እጅሽም ይሠራል፤ የሚሠራን እጅ ቀዶ ጥገና ሊያደርቀው ይችላልና ተይው» ብሎ አሰናበተኝ። አባቴ ደግሞ «እግዜር የገጠመውን አጥንት ሰው እንዴት መልሶ ይሰብረዋል?» ይላሉ፤ የእሳቸውን ቃል ማለፍ ይከብደኛል። ሁለት ልጆች የማሳድገው በዚህ እጅ ስለሆነ ቀዶ ጥገናው ባይሳካ ያለኝንም አጣለሁ ብዬ እፈራለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ሥራው ከእጄ እየወጣ ነው። የማንኛቸውን ምክር ልከተል? እስካሁን መቆየቴስ ጉዳት አለው?

መልስ
የአጥንት ቀዶ ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ እጅዎን ሳልመረምር ይደረግ ወይም አይደረግ ለማለት አልችልም። ሆኖም የጻፉት ዝርዝር በቂ ስለሆነ ውሳኔው በምን ላይ እንደሚቆም ላስረዳዎት። በእኔ አስተያየት ሁለቱ ሐኪሞች የሚመስለውን ያህል አልተቃረኑም። በእጅዎ ላይ ያሉት ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች ናቸው፤ እንደ አንድ ተቆጥረው አንድ ውሳኔ ስለተሰጠባቸው ነው ነገሩ የተምታታብዎት።

በቀላሉ ከትንሿ ጣት ልጀምር። የቀለበት ጣትና የትንሿ ጣት የመዳፍ አጥንቶች ወደ እጅ አንጓ በሚገናኙበት ሥራቸው ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ ስለዚህ አጥንቱ ወደ መዳፍ ቢጎብጥም ያ እንቅስቃሴ ጉብጠቱን ያካክሰዋል። የሌባ ጣትና የመሃል ጣት አጥንቶች ግን ሥራቸው የማይነቃነቅ በመሆኑ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ካለፈ ጉብጠት ጋር መሥራት ይቸግራቸዋል። በትንሿ ጣት አጥንት አንገት ላይ እስከ 40 ዲግሪ የሚደርስ ጉብጠት ያለ ቀዶ ጥገና የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስብራቱ በአጥንቱ መሃል ላይ ከሆነ የሚታለፈው መጠን ያንሳል። የሰረገው አንጓና በእጅ ጀርባ ላይ የቀረው ጉብታ የእጁን መልክ ይለውጣሉ፤ ጣቷ ሙሉ በሙሉ የምትዘረጋና የምትታጠፍ ከሆነ ግን ለመልክ ብቻ ሲባል አጥንት መቁረጥን አልመክርም። ሁለተኛው ሐኪም «ይሠራል» ያለው ይህን አይቶ ይመስለኛል።

የቀለበት ጣትዎ ነገር ግን ሌላ ነው። ጣት በሚታጠፍበት ጊዜ በጎረቤቱ ላይ የሚደረበው አጥንቱ በራሱ ዙሪያ ተጠማዞ ስለገጠመ ነው። ጉብጠትን የሚያካክስ መገጣጠሚያ አለ፤ መጠማዘዝን የሚያካክስ ግን የለም፣ በጊዜ ብዛትም አይስተካከልም። የመዳፍ አጥንት 5 ዲግሪ ብቻ ቢጠማዘዝ፣ ሲጨበጥ የጣቱ ጫፍ እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሊደረብ ይችላል። አስቸጋሪው ነገር ይህ ጉዳት በራጅ ላይ በግልጽ አለመታየቱ ነው፤ ጣቶቹ ተዘርግተው ሳለም አይታይም። ጣቶችን ዘርግቶ የሚያስር ሰው፣ ወጌሻም ይሁን ጀሶ የሚያደርግ ባለሙያ፣ ጣቶቹን አጥፎ ካላየ በቀር መጠማዘዙን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ራጁን ብቻ ይዞ የተሰጠ ምክር፣ ሰጪው ምንም ያህል ባለሙያ ቢሆን፣ የቀለበት ጣትዎን ጉዳይ አልመለሰም። ጣቶችዎን አስጨብጦ ያየ ሐኪም ያስፈልግዎታል።

እስከዚያው እርስዎም በቤትዎ ማየት የሚችሉት ነገር አለ። የሁለቱንም እጆችዎን ጣቶች ግማሽ ያህል አጥፈው ጥፍሮቹን ከፊት ለፊት ይመልከቱ፤ የታመመው እጅ ጥፍር ከጤነኛው እጅ አቻው ይልቅ ወደ ጎን ዞሮ እንደሆነ ያስተውሉ። ከዚያም አንድ በአንድ እያጠፉ የጣቶቹን ጫፍ አቅጣጫ ይከተሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ ሥፍራ፣ ማለትም በአውራ ጣት ሥር በኩል ወዳለው የእጅ አንጓ ክፍል ማመልከት አለባቸው። ማወዳደሩ ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም ከተፈጥሮው ጣቱ ትንሽ የሚደረብ ጤነኛ ሰው አለ። በመጨረሻም እጅዎን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ሁለቱን ጣቶች ወደ ላይ ለማንሳት ይሞክሩ። አጥንቱ አጥሮ ገጥሞ ከሆነ ጣትን የሚዘረጋው ጅማት ይረግባል፤ በየ2 ሚሊ ሜትሩ ማጠር ጣቱ በግምት 7 ዲግሪ ሳይዘረጋ ይቀራል።

ስለ ጊዜው አይጨነቁ። ስብራቱ ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ የገባ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ወር የመገጣጠሚያውን ልስልስ አጥንት ስለሚፍቀው ፈጥነው ይሂዱ እል ነበር። ከነገሩን እንደምረዳው ግን ስብራቱ ከመገጣጠሚያው ውጭ ይመስላል፤ አጥንቱም ጠንክሮ ገጥሟል። ከዚህ ወዲህ ዛሬም ሆነ ከስድስት ወር በኋላ ቢቆረጥ በአጥንቱ በኩል ብዙ ልዩነት የለውም። ስለዚህ በፍርሃት ሳይሆን በረጋ መንፈስ የሚወስኑበት ጊዜ አለዎት።

ቀዶ ጥገናው ራሱ እንዲህ ነው። ክንዱ በመርፌ ይደነዝዛል፤ አጥንቱ ብዙ ጊዜ ወደ ሥሩ ቀረብ ባለው፣ ቶሎ በሚገጥመው ክፍል በቀጭን መጋዝ ይቆረጣል፤ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ዞሮ በትንሽ ብረትና ብሎኖች ይታሰራል። በአንዳንድ ቦታ ማደንዘዣው መድማትን ከሚቀንስ አድሬናሊን ከተባለ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ በእጁ ላይ ብቻ ይሰጥና ታካሚው ነቅቶ ሳለ ይሠራል፤ የዚህ ጥቅሙ ሐኪሙ ከመዝጋቱ በፊት «እስኪ ጨብጪ» ብሎ ጣቱ መቃናቱን በዓይኑ ማየት መቻሉ ነው። አጥንቱ ለመግጠም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ ኃይል ወደሚጠይቅ ሥራ መመለስ ግን ወደ ሦስት ወር ይጠጋል።

ጉዳቱንም አልሸሽግዎትም። ሁለተኛው ሐኪም ስለ መድረቅ የተናገረው እውነት ነው። ጣትን የሚዘረጉት ጅማቶች ብረቱ ባረፈበት አጥንት ላይ በቀጥታ ስለሚያልፉ ከጠባሳው ጋር ሊጣበቁ ይችላሉ። አጥንቱ ሳይገጥም መቅረት፣ መመርቀዝ፣ ለቆዳው ስሜት የሚሰጠው ነርቭ መጎዳት፣ ጥቂት ሰዎችም ላይ ከቁስሉ መጠን ጋር የማይመጣጠን ብርቱ ሕመምና እብጠት ይከሰታሉ። የስኳር ሕመም ካለብዎት ወይም ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ አደጋው ይጨምራል።

ይህን ሁሉ መዝኜ ያለኝ አስተያየት፣ ምርመራው መጠማዘዙን ካረጋገጠ የቀለበት ጣቱን ማቃናት ለእርስዎ ሥራ የሚገባ ነው፤ የትንሿን ጣት ግን ልተዋት የሚል ነው። ሁለቱንም መቁረጥ የመድረቁን አደጋ ሁለት ጊዜ መግዛት ይሆናል።

መልስ
አናጢ፣ ከአዳማ

የትንሿ ጣቴ አጥንት ከዓመታት በፊት ተሰብሮ ጎብጦ ስለገጠመ፣ ሐኪሙ ስለዚያች ጣት የተናገሩት ትክክል መሆኑን በራሴ አረጋግጣለሁ። አንጓዬ የለም ማለት ይቻላል፤ መዶሻም መጋዝም እይዛለሁ። አንድ የምጠነቀቅበት ነገር የአጥንቱ ራስ ወደ መዳፌ በኩል ስለወጣ መላጊያ ለረጅም ሰዓት ስገፋ ይቆረቁረኛል፤ መያዣው ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ እሠራለሁ። እህታችን መዳፍዎን በጣትዎ ጫን ጫን እያሉ ይዳስሱና እንዲህ ያለ የሚቆረቁር እብጠት እንዳለ ይዩ፤ ካለም በሥራዎ ላይ የሚያርፍበት ቦታ መሆን አለመሆኑን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ስለ መጠማዘዙ ግን በሙያዬ የማውቀውን ልጨምር። በር ማጠፊያው ላይ ለዓይን የማይታይ ያህል ቢዛነፍ፣ በወዲያኛው ጫፍ ከጉበኑ ጋር አይገናኝም። ዳሩን በመላግ ለጊዜው ማስገባት ይቻል ይሆናል፤ የተዛነፈው ግን ማጠፊያው ነው። ስለዚህ በአንዷ ጣት ይታገሡ፣ በሌላው ይታከሙ መባሉ ልክ ሆኖ ታይቶኛል።

መልስ
የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከአዲስ አበባ

እኔ ቀዶ ጥገናውን አድርጌያለሁ፤ አሁን ላይ ሆኜ ሳየው ማድረጌ ጠቅሞኛል። ሆኖም ማንም አስቀድሞ በግልጽ ያልነገረኝን አንድ ነገር እርስዎ አውቀው እንዲገቡ እፈልጋለሁ። የእኔ ስብራት በራሱ በመሃል ጣቴ የመጀመሪያ አጥንት ላይ ነበር፤ እሱም ተጠማዞ ነበር የገጠመው። አጥንቱ በአግባቡ ተቃና፤ በራጅም አምሮ ታየ። ጣቱ ግን አልታጠፍ አለ። ጅማቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ስለነበር፣ አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ከጠነከረ በኋላ ብረቱን ለማውጣትና ጅማቱን ለማላቀቅ ሁለተኛ ጊዜ መግባት ግድ ሆነብኝ። ከዚያ በኋላ ነው ጣቴ የታዘዘልኝ፤ እስከ ዛሬም እንደ ግራው እጄ ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም።

የመዳፍ አጥንት ከጣት አጥንት ይልቅ ለእንዲህ ያለ መጣበቅ የተጋለጠ እንዳልሆነ ሐኪሜ ነግሮኛል፤ ስለዚህ የእርስዎ ዕጣ ከእኔ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ገንዘብዎንና ከሥራ የሚቀሩበትን ጊዜ ሲያሰሉ ለአንድ ቀዶ ጥገና ብቻ አያስሉ። ሐኪሙን «ብረቱ የሚወጣ ቢሆን ወጪው ስንት ነው? የሚሠሩልኝስ እርስዎ ነዎት?» ብለው ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ አለማመን አይደለም፤ እርስዎ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰው ነዎት።

ስለ አባትዎም አንድ ነገር ልበል። የእኔም እናት በጽኑ ተቃውመው ነበር። ወደ ሐኪሙ ይዣቸው ሄድኩና ሐኪሙ እጄን አስጨብጦ የጣቴን መደረብ አሳያቸው፤ «አጥንቱን የገጠመው እግዚአብሔር ነው፣ ሲገጥም አቅጣጫውን የሚጠብቅለት ሰው ግን አልነበረም» አላቸው። ከዚያ በኋላ አልተቃወሙም፤ ጸበል አምጥተው ሸኙኝ። አባትዎ ከሰው ከሚሰሙት ራሳቸው ቢያዩት ይሻላል።

መልስ
ፊዚዮቴራፒስት

ከላይ የተሰጡት ምክሮች ጥሩ ናቸው፤ እኔ የምጽፈው በተለምዶ መጨረሻ ላይ ስለሚነሳውና መጀመሪያ መነሳት ስላለበት ጉዳይ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የእጅ ልምምድ የሚከታተልልዎት ሰው ከሌለ፣ አጥንቱ ምንም ያህል በትክክል ቢቃና እጁ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በየሳምንቱ መመላለስ አይቻልም። ቀዶ ጥገናውን አዲስ አበባ ካደረጉ፣ ሐኪሙ መቼ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሚፈቀድ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁና ልምምዱን በደሴ በሚገኝ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ይከታተሉ።

በአገራችን የእጅ ተሃድሶ ሥራ አዲስ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም በሥጋ ደዌ ጣቶቻቸው የታጠፉባቸውን ሰዎች በቀዶ ጥገና ማቃናትና ከዚያ በኋላ እጁን ማለማመድ እንደ አንድ ሥራ ተደርገው ይታዩ ነበር። ሁለቱን መለያየት ተገቢ አይደለም፤ በየቦታው ግን ሲለያዩ አያለሁ፣ ይህም ያሳዝነኛል።

በብረት የታሰረ አጥንት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጣቶችን ማንቀሳቀስ ይፈቅዳል፤ የብረቱ ዋና ጥቅምም ይኸው ነው። በልምምድ መካከል የሚደረገው መደገፊያ ጣቶች ከመዳፍ ጋር የሚገናኙባቸውን አንጓዎች ከ70 እስከ 90 ዲግሪ አጥፎ ጣቶቹን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መሆን አለበት፤ አንጓዎቹ ተዘርግተው ከታሰሩ በጎናቸው ያሉት ማሰሪያ ጅማቶች ያጥሩና መልሰው ለማጠፍ እጅግ ያስቸግራሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጁን ከልብ በላይ ከፍ አድርጎ መያዝ እብጠትን ይቀንሳል፤ እብጠት የድርቀት መጀመሪያ ነውና ይህን እንደ ቀላል ነገር አይመልከቱት።

አሁን ደግሞ ቀዶ ጥገና ቢያደርጉም ባያደርጉም የሚጠቅምዎት ነገር ልንገርዎ። በግራ እጅዎ የቀኝ እጅዎን ጣቶች ቀስ እያሉ እስከ መጨረሻው ያጥፉ። በግራ እጅዎ ሲገፉ የሚታጠፍ፣ በራሱ ኃይል ግን የማይታጠፍ ጣት ካለ ችግሩ የጅማት ነው፤ በግድም አልታጠፍ ካለ መገጣጠሚያው ደርቋል ማለት ነው። የደረቀ መገጣጠሚያ ይዞ አጥንት ለማቃናት መግባት ውጤቱን ስለሚቀንስ አስቀድመው በልምምድ ያላሉት። በተጨማሪም ሥራ በሚሠሩበት ሰዓት የቀለበት ጣትዎን ከመሃል ጣትዎ ጋር በለስላሳ ፕላስተር አብረው ለማሰር ይሞክሩ፤ ቀለበቱ ሰፋ ያለ የልብስ ሰፊ መቀስ ፈልገው መያዣውን በስፖንጅ ያልብሱት። ለጥቂት ሳምንታት እንዲህ ሠርተው ሥራዎ ከተቃና፣ ቀዶ ጥገናው ላያስፈልግዎት ይችላል። ካልተቃና ደግሞ የሚወስኑት ሌላውን መንገድ ሞክረው ይሆናል፤ ለአባትዎም የሚነግሩት ነገር ይኖርዎታል።

የጠያቂዋ ምላሽ
ልብስ ሰፊዋ፣ ከደሴ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጊዜ ወስዳችሁ እንዲህ በዝርዝር ትጽፉልኛላችሁ ብዬ አልጠበቅሁም። ሐኪሙ እንዳሉት ጣቶቼን አጥፌ ጥፍሮቼን ከግራ እጄ ጋር አወዳደርኩ፤ የቀለበት ጣቴ ጥፍር በግልጽ ወደ ጎን ዞሯል። ትንሿ ጣት ግን ከጠረጴዛው ላይ በደንብ ትነሳለች፣ ሙሉ በሙሉም ትታጠፋለች፤ መዳፌን ስዳስስም የሚቆረቁር ነገር አላገኘሁም። በግራ እጄ ስገፋ ሁሉም ጣቶቼ ይታጠፋሉ።

ፕላስተሩንም ሞከርኩት። ለመቀሱ ረድቶኛል፤ ለመርፌ ሥራ ግን ሁለቱ ጣቶች አንድ ላይ ስለሚሄዱ ጨርቁን ለመወጠር አላስቻለኝም። አባቴን ይዤ የመጀመሪያው ሐኪም ዘንድ ልመለስና የቀለበት ጣቱን ብቻ ማቃናት ይቻል እንደሆነ ልጠይቀው አስቤአለሁ። የሚቀረኝ ጥያቄ ጊዜው ነው፤ አሁን የገናና የጥምቀት ትእዛዝ ተቀብያለሁ፣ ከዚያም የሠርግ ወቅት ይመጣል። ሥራ የሚቀዘቅዝልኝ ከሰኔ ማብቂያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ነው። እስከዚያ ብቆይ ይጎዳኛል?

መልስ
የአጥንት ቀዶ ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ

አይጎዳዎትም፤ እንዲያውም ተረጋግተው የሚያገግሙበትን ወቅት መምረጥዎ መልካም ነው። ነገር ግን ከሰኔ ማብቂያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ያለው ጊዜ አጥንቱ ለመግጠም የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው፤ ረጅም ጨርቅ በመቀስ ለመቁረጥ የሚበቃ ኃይል እስኪያገኙ መስከረም ሊገባ ይችላል። የእንቁጣጣሽ ትእዛዝ ከመቀበልዎ በፊት ይህን ያስቡበት፤ በዚያ ወቅት መቁረጡን እህትዎ ቢይዙልዎት ይመረጣል። እስከዚያው የጣቶቹን ልምምድ አያቋርጡ፤ አዲስ መደንዘዝ ወይም እየጨመረ የሚሄድ ሕመም ከመጣ ግን ሰኔን ሳይጠብቁ ይታዩ።

ወደ ሐኪሙ ሲሄዱ የድሮውን ራጅ ይዘው ይሂዱ፤ የሁለቱንም እጅ አዲስ ራጅ እንዲያዝልዎትም ይጠይቁ፤ የጤነኛው እጅ ራጅ የአጥንቱን ትክክለኛ ርዝመት ለመለካት ይጠቅመዋል። እሱ አሁንም ሁለቱም ይቆረጡ የሚል ከሆነ፣ ትንሿ ጣት በምን ሥራ እንደምታስቸግርዎ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ እኔ ያላየሁትን አይቶ ሊሆን ይችላልና መልሱን በጥሞና ይስሙ። ከተስማማችሁ በኋላም በስምምነት ቅጹ ላይ የሚቆረጠው የትኛው አጥንት እንደሆነ ተለይቶ መጻፉን አንብበው ይፈርሙ።